የዘገዬ ሞተርና አራቱ መስታወቶች

ዘገዬ ማለት በአዳማ ከተማ ነዋሪ የሆነ፣ ባለትዳር፣ የእህል መጋዘን የሚቆጣጠር፣ ሳይጠየቅ የሚመልስ፣ ሲጠየቅም መልሱን የሚደግም፣ ከኋላው ማንም ሳይኖር ዞሮ የሚያይ ዜጋ ነው። ይህ ፍቺ ማሻሻያ እስኪደረግበት ድረስ የጸና ይሆናል።

የዚህ ዜጋ ብቸኛ ድፍረት አንዲት ሞተር ሳይክል ነበረች። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣች ናት። ከፋብሪካ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ቢሆንም፣ ክብ መብራቷና ጎባጣ የነዳጅ ቋቷ ከጣሊያን ወረራ የተረፈች ያስመስሏታል። ሌላው ሰው አዲስ ዕቃ ገዝቶ ያረጅበታል፤ ዘገዬ ግን አርጅታ የተወለደችውን ገዝቶ እንደ ሙሽራ ይኩላት ጀመር። መቀመጫዋን የአርሲ በግ አጎዛ አለበሰ፤ ለጉልበቱ የብረት መከላከያ፣ ለደረቱ የነፋስ መጋረጃ አሠራ። ከሁሉ በላይ ግን መስታወት አበዛባት። ሁለት ነበሩ፤ ሁለት ጨመረ። የሚሸጥ ዕቃ ስላልነበረ፣ በያጁ መርጋ ከተገለበጡ የጭነት መኪናዎች እየፈለቀቀ ይበይድለታል።

«ማሎ፣ ጋሼ ዘገዬ! አራት መስታወት ምን ያደርግልሃል? ፊትህ እንደሆነ አንድ ነው» አለው መርጋ።

ዘገዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፊቴን መች አየሁበት? የኋላዬን ነው እንጂ።»

መርጋ ከዚያ በኋላ በመስታወቶቹ አልቀለደም። በዚያ ዘመን የኋላን ማየት እንደ ቅንጦት አይቆጠርም ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰብስቤ መንገድ ላይ አስቆመው። ሞተሯን ዞራት፤ አጎዛውን ዳበሰ፤ በአራቱም መስታወት ጢሙን አየ።

«ጓድ ዘገዬ፣ ይህች ሞተር ለአንድ ግለሰብ አልበዛችም?»

«በዝታለች፣ ጓድ ሊቀ መንበር፣ በዝታለች።»

«እንግዲህ እሑድ አብረን ሶደሬ ደርሰን እንመለስና እንሞክራታለን። ከተስማማችን ለቀበሌው አገልግሎት ትውላለች።»

ዘገዬ ቤቱ እንደ ደረሰ ሳይጠየቅ ሁሉን ዘረገፈ። ሚስቱ አሰለፈች ነገሩን ከሰማች በኋላ ወገቧን ያዘች።

«በዝታለች አልከው?»

«ሌላ ምን ልበለው?»

«ነገ እኔንም ለአንድ ግለሰብ አልበዛችም ቢልህ፣ በዝታለች ልትለው ነው?»

እራቱን ሳይነካ ተኛ፤ ተኛ ማለት እንኳ ለወጉ ነው።

ቅዳሜ መርጋ ዘንድ ሄደና፣ «ዓይን የሚስብ ነገር ሁሉ ይውረድ» አለው። አራቱ መስታወቶች ወረዱ፤ አጎዛው ተገፈፈ። ጩኸቷም እንዲያስጠላ ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታዋ ላላ። መርጋ ራቅ ብሎ አያትና፣ «አሁንስ አህያም አይመኛትም» ሲል መሰከረላት።

እሑድ ጠዋት ሊቀ መንበሩ ቦርሳውን መሪው ላይ አንጠልጥሎ ከኋላ ተፈናጠጠ። ሽቦው በወጣ መቀመጫ ላይ፣ አንድም ጉድጓድ ሳይቀርበት እስከ ከተማው መውጫ ኬላ ድረስ ተጓዘ። በኬላ ወግ ተሳፋሪ ወርዶ በእግሩ ለፍተሻ ያልፋል፤ ባለ ሞተሩም ገመዱ ሲወርድለት ተሻግሮ ይጠብቃል። ሊቀ መንበሩ ወገቡን እያሻሸ ወረደ።

ዘገዬ ይህን ወግ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ጠብመንጃ ሲያይ የሚያውቀው ሁሉ ይጠፋዋል። ጠባቂው በእጁ «እለፍ» ሲለው ተፈተለከ። የኋላ ጎማዋ ገመዱ ላይ ስትነጥር መቀመጫው ተንቀጠቀጠ፤ ዘገዬም ሊቀ መንበሩ የተፈናጠጠ መሰለው። ለሊቀ መንበር ፍተሻ አይረዝምም ብሎ ገመተ።

«ፍሬኗ አይታመንም፣ ጓድ ሊቀ መንበር!» ሲል ጮኸ።

መልስ የለም።

«ዳገት ስታይ ልቧ ይጠፋል! እንደ እኔው ናት!»

አሁንም መልስ የለም። ዝምታው አስፈራው፤ ሲፈራም ይብስ አፈጠነ። ዞሮ እንዳያይ፣ ባለ ሥልጣንን መገላመጥ ይሆንበታል። እንዲህ ሞተሯን እያማ ሶደሬ በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው በመገረም አየው።

«ወንድሜ፣ ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቀው?»

ዘገዬ ዞረ። ዕድሜውን ሁሉ ከኋላው ማንም ሳይኖር ሲዞር የኖረ ሰው፣ ሰው መኖር በነበረበት ቀን ባዶ ሽቦ አገኘ። ከዚያ እስከ ኬላው እንዴት እንደተመለሰ አያስታውስም፤ ሞተሯን ብቻ ሳይሆን ራሱንም በልቡ ለቀበሌው አስረክቦ ጨርሶ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ግራር ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጧል። መታወቂያውና የይለፍ ወረቀቱ መሪው ላይ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ቀርተዋል። «ሊቀ መንበር ነኝ» ማለቱም ነገሩን ከማባባስ በቀር አልጠቀመውም።

ጠባቂው ጠብመንጃውን አስተካከለ። «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

«ዘገዬ፣ ንገረው እንጂ!» አለ ሊቀ መንበሩ፣ «ጓድ» የሚለውን ረስቶ። «ሞተሯ የራስህ ናት፤ ማን ይነካታል! ንገረው!»

ሳይጠየቅ የሚመልሰው ዜጋ በመጀመሪያ ሞተሯን አጠፋ። ቀጥሎ ጓንቱን አወለቀ፤ አንደኛውን፣ ከዚያም ሌላኛውን።

«እስቲ» አለው ለጠባቂው፣ «ጥያቄውን ይድገሙልኝ።»