ቡቺና የፋሲካው ፈረሰኛ

የተቃጠለ በርበሬ ሽታ መጀመሪያ የሚይዘው ጉሮሮን ነው፤ አፍንጫ የሚያውቀው ኋላ ነው። ሰገነት ይህን ያወቀችው ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል፣ ደልጊ ላይ፣ ከጣና ዳር በነበረው የአባቷ ቤት ነው። አባቷ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ማኅሌት ሲቆሙ ድምፃቸው ሐይቁ ላይ ላሉ ታንኳ ቀዛፊዎች ይደርስ ነበር። እጃቸው ግን ከድምፃቸው ይከብዳል። አንድ ቀን ሰገነት ከቅሉ ቅቤ በጣቷ እየጠቀሰች ስትልስ ያዟት። ታላቅ ወንድሟ ገድሉም አብሯት ይልስ ነበርና ሁለቱን በአንድ ጋቢ ሸፍነው፣ ከሥራቸው ፍም አስቀምጠው፣ ፍሙ ላይ በርበሬ ነሰነሱበት። ልጆቹ ሲንፈራገጡ መሪጌታ የጋቢውን ጫፍ ረግጠው ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። ጋቢው ሲገለጥ የገድሉ አፍንጫ ይደማ ነበር፤ ሰገነት ደግሞ ዓይኗን መግለጥ አቅቷት በእጇ እየዳበሰች ወጣች።

ገድሉ አርጅቶም «ሰው ያደረገን እሱ ነው» ይላል። ሰገነት ባሕር ዳር ገብታ፣ ፋብሪካ ተቀጥራ፣ ባል አግብታ፣ ባሏንም ቀብራ፣ አንድ ልጇን ሔራንን ስታሳድግ ግን አንዲት ቁንጥጫ እንኳ አሳርፋባት አታውቅም። ጎረቤት «ልጅሽን አሞላቀቅሻት» ሲላት «ትሞላቀቅ» ብላ ታልፋለች።

አሁን ጡረታ ወጥታ ከከተማው ዳር፣ ዘንዘልማ በሠራችው ቤት ትኖራለች። ገድሉም የጭነት መኪና መንዳቱን ትቶ፣ ሚስቱ ከፈታችው ወዲህ ከግቢዋ ሰርቪስ ቤት ገብቷል። ሔራን ደብረ ማርቆስ ሥራ ስታገኝ፣ አከራዮቿ «ውሻ አናስገባም» ስላሏት ቡቺን ለእናቷ ትታ ሄደች። ቡቺ ከድመት ብዙም የማይበልጥ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ ነጭ ውሻ ነው። ጠባዩ መልካም ነበር፤ ሌባ መሆኑ ብቻ ነው ክፋቱ። ከበርጩማ ወንበር ላይ፣ ከወንበር ሴራሚክ የለበሰው የኩሽና መደብ ላይ ይዘልና ክዳኑን በአፍንጫው ገፍቶ ያገኘውን ይውጣል።

የዐቢይ ጾም ቅበላ ሰሞን የገድሉን ጥብስ በላበት። ሰገነት ከገበያ ስትመለስ ያ የድሮው ሽታ ገና ከግቢው በር ላይ ጉሮሮዋን ያዛት። ሮጣ ገባች። ገድሉ ኩሽናው መሐል ተንበርክኮ ጋቢውን በሁለት እጁ ወደ መሬት ተጭኗል፤ ከጋቢው ሥር ጭስ ይወጣል። የውሻ ጩኸት የለም፤ የሚሰማው ሳል ብቻ ነው። ከጋቢው ሥር ያለውን የከሰል ማንደጃ በእግሯ ስትመታው ፍሙ ወለሉ ላይ ተበተነ። ቡቺ፣ ገድሉ ከግድግዳው ጋር ባላተመው በኩል አንድ ዓይኑ ተደፍኖ፣ ከጋቢው ሥር ወጣ።

«ምን እያደረግህ ነው አያ?»

«እያስተማርሁት ነዋ። እኔና አንች በምን ተማርን?»

«እኔ የተማርሁት ቅቤ ስልስ በር መዝጋት ነው።»

ገድሉ አልሣቀም። ጋቢውን እያራገፈ፣ «ስሚ፣ ይኸ ውሻ ሁለተኛ ከዚህ መደብ ላይ ከወጣ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ከድንጋይ ጋራ አስሬ ጣና ባልጥለው የአባቴ አጥንት ይውጋኝ» አለ።

ወንድሟ ምሎ እንደማያጥፍ ታውቃለች። ልጅ ሳሉ ነክሶት የነበረን የጎረቤት ውሻ እንደ ማለው በመጥረቢያ ጨርሶታል።

«እስከ ፋሲካ ስጠኝ» አለችው። «ሳልመታው አስተምረዋለሁ።»

«ካልተማረስ?»

«ካልተማረ እንደ ማልኸው አድርግ።»

«ኋላ ልታለቅሽብኝ ነው።»

«አላለቅስም።»

ሔራን በስልክ እየነገረቻት ሰገነት ማስተማሩን ጀመረች። «እማዬ፣ ሊነካ ሲል ‹ተው› በይው። ሲተው ወዲያው ስጭው። ከሰረቀ ደግሞ አትጩኺበት፤ ዕቃሽን አንሥተሽ ጀርባሽን ስጭው» ትላታለች። ሰገነት መደቡ ላይ ዳቦ አስቀምጣ ትጠብቃለች። ቡቺ ወንበሩ ላይ የፊት እግሩን ሲያሳርፍ «ተው» ትለዋለች። መጀመሪያ አልሰማትም፤ ዳቦውን ነጥቆ አልጋ ሥር ገባ። እየቆየ ግን «ተው» ስትለው ወርዶ፣ ባንዷ ደኅና ዓይኑ አሻቅቦ ያያት ጀመር። ያን ጊዜ የዳቦ ቅርፊት ትሰጠዋለች። ከእጇ ጉርሻ ሲቀበል ከተመታ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ ገድሉ ግን ባለፈ ባገደመ ቁጥር የጎድን አጥንቱን በጫማው ይለዋል። ጾሙ ሊገባደድ ሲል ሽሮው ሲንተከተክ ቡቺ ከኩሽናው ደፍ ላይ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር።

«መነኮሰልሽ እኮ» አለ ገድሉ። «ቆብ ስፊለትና ደሴት ገዳም ላኪው።»

«አንተም ብትከተለው አይከፋኝም።»

አንድ ነገር ግን አላሰበችም። ጾም ነው፤ የመሪጌታ ልጅ ናትና ሥጋና ቅቤ ቀርቶ ዓሣ እንኳ ከቤቷ አይገባም። ውሻውም ጾሙን ሁሉ የተማረው ምስርና ሽሮ፣ ዳቦና ድንች መተው ነበር።

የቅዳም ሹር ጧት የንስሐ አባቷ አባ መርስዔ ኀዘን፣ ውሻ ስላለ ከግቢው በር ላይ ቆመው ቄጤማ ሰጧቸው። ገድሉ ቄጤማውን ግንባሩ ላይ አስሮ፣ ክንፏን ረግጦ ዶሮዋን አረደ። ዶሮዋ ከእጁ አምልጣ አንገቷ ተንጠልጥሎ ደሟን እየረጨች ግቢውን ስትዞር ቡቺ ሰውነቱ በሙሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰገነት ሽንኩርቱን እያቁላላች፣ ብልቶቹን በሎሚና በጨው አጥባ በሳህን መደቡ ላይ አኖረች። ለቤቱ ወንድ የሚቀመጠው ፈረሰኛ ከላይ ነበር።

ዘወር ስትል ውሻው መደቡ ላይ ቆሟል።

«ተው» አለችው።

ቃሉን ያውቀዋል። አያት። ከአፉ ለሃጭ እየወረደ፣ ጅራቱን በእግሩ መሐል ቀብሮ፣ እያያት ፈረሰኛውን ነከሰ።

ገድሉ ቢላውን እየጠረገ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሦስት እርምጃ እንኳ ሳይራመድ ደርሶ፣ ውሻውን ማጅራቱን ይዞ ከወለሉ ጋር አላተመው። ከማዳበሪያ ከረጢት ከተተው፤ በር ማቆሚያውን ድንጋይ አንሥቶ ላዩ ላይ ጣለበት።

«አያ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ሥጋ አሳይቼው አላውቅም። ጾም ነበር።»

«እንግዲያው አንችም ግቢበት።»

«ቃሌን አልረሳሁም። እለምንሃለሁ።»

«አላለቅስም ብለሽ የለ?»

ከረጢቱ ውስጥ ቡቺ ሲጮህ፣ ገድሉ አወዛውዞ ከግድግዳው ጋር መታው። ጩኸቱ ተቋረጠ። ሁለተኛ ሲያወዛውዝ ሰገነት ማማሰያውን ከድስቱ መዝዛ በእጁ አንጓ ላይ አሳረፈችበት። የሚፈላው ቁሌት ቆዳው ላይ ተጣበቀ። ከረጢቱ ወደቀ፤ እጇ ግን አልቆመም። ትከሻውን መታችው፣ ጆሮውን መታችው፣ ሲያጎነብስ ጀርባውን መታችው። ማማሰያው ሲሰበር በጉማጁ መታችው። ገድሉ እጁን አላነሣባትም። ልጅ ሆኖ ያደርግ እንደነበረው ራሱን በክንዱ ሸፍኖ፣ ከመደቡ ሥር ኩርምት ብሎ ነበር። ይህን ስታይ ቆመች።

ሽንኩርቱ አርሮ ቤቱን ጭስ ሞልቶታል። ቡቺ አንድ እግሩን እየጎተተ ከከረጢቱ ወጣ። እጇን ስትዘረጋለት ጥርሱን አሳያትና ከውኃው ጀሪካን ኋላ ተሸሸገ።

«አያ፣ ቁጭ በል» አለች ጉማጁን ጥላ። «እጅህን ልጠብልህ። ጆሮህም ይደማል።»

ገድሉ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። የተቃጠለ እጁን በብብቱ ይዞ፣ በደኅናው የወደቀ ነጠላውን አንሥቶ ጆሮው ላይ ጫነ።  የወለሉን ቁሌት ተሻግሮ፣ ዞር ብሎም ሳያያት ወጣ።