በሩ ላይ ዞር ማለት

መጋቢት አጋማሽ ላይ ነበር። ነበር እንዴ? ሬዲዮ ጠጋኙ ሲጠየቅ መጋቢት ይላል። ግን ልጁ የጆሮ ማዳመጫ የገዛችው የጎረቤት ጣሪያ ሲቀየር መዶሻው አላስጠና ብሏት ነው፤ ጣሪያው ደግሞ የተቀየረው ዝናብ ካስገባ በኋላ ነው። እንግዲህ ሰኔም ሊሆን ይችላል። ብቻ አንድ ቀን፣ ኔትወርክ ሻል በሚልበት የመስኮት ጥግ ጠረጴዛዋን አስጠግታ፣ በኦንላይን አኒሜሽን መማር ጀመረች። አስተማሪው ባሕር ማዶ፣ እሷ እዚህ፣ የተፈታቱ ሬዲዮኖች መሀል።

መጀመሪያ ሰሞን ሰው የሚባል ነገር አልነበረም፤ ኳስ ብቻ። ትወድቃለች፣ ትነጥራለች፣ እንደገና ትወድቃለች። አባት ከመበየጃው ቀና ይላል።

"ኳሴ፣ ዛሬም ያችው ናት?"

"ኳስ እኮ አይደለም አባዬ። የምማረው ክብደት ነው።"

"ክብደት ከሆነማ ምን ባሕር ማዶ ያስኬድሻል? የአባትሽን ቦርጭ አታጠኚም!"

በዚያው ኳሴ ሆና ቀረች።

ቀጥሎ አረማመድ መጣ። ስልኳን ሬዲዮኖቹ ላይ ደግፋ፣ ባዶ ባልዲ የሞላ አስመስላ እያቃሰተች በኮሪደሩ ትመላለሳለች፤ የቀረጸችውን ደግሞ እያየች ትሠራለች። ሬዲዮውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ጠጋ ብሎ፣ "ልጅቷን አሟታል እንዴ?" ሲል ጠየቀ።

"ኧረ ደኅና ናት፤ ትምህርት ላይ ናት" አለ አባት።

የመጨረሻው ሥራ ግን ከባድ ነበር። ራሱ እንቁላል፣ እጁ ዱላ የሚመስል፣ ፊት የሌለው አሻንጉሊት ከወንበር ተነሥቶ ከክፍሉ ይወጣል፤ በቃ። ይህን ካላለፈች ቀጣዩ ክፍል አይከፈትላትም። አባት ሻይ ይዞላት ሲገባ ስክሪኑ ላይ እየሄደ ነበር። አሻንጉሊቱ ሁለት መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ፣ ግማሽ ተነሣ፣ ትንፋሽ የሚወስድ ይመስል ቆም አለ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ወደ በሩ ሄደ። መቃኑን ይዞ፣ ግማሽ እርምጃ ተመልሶ፣ ክፍሉን አንዴ ቃኝቶ ወጣ።

ሻዩ በእጁ ቀረ። ሚስቱ ናት። ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሆና ስትሠራ፣ ሁልጊዜ ጠዋት እንደዚሁ ነበር የምትነሣው፤ እንደዚሁ ነበር በሩ ላይ ዞር የምትለው። "ቤቱ እግር የለውም፣ የትም አይሄድብሽም፤ ሂጂ!" ይላት ነበር። እናትየው የሞተችው ኳሴ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። የቀረቻቸው አንዲት ፎቶ ናት፤ እሷም ላይ እንደ ተተከለ እንጨት ቀጥ ብላ ነው የቆመችው።

በሳምንቱ የአስተማሪው አስተያየት መጣ። ኳሴ ሰማችና ማዳመጫውን አወለቀች።

"አነሣሡ ቆንጆ ነው አለ። በሩ ላይ ግን ለምን ዞር ይላል? ምንም የረሳው ነገር የለም፤ ቁረጪው አለኝ።"

"ቁረጪው?"

"አዎ። ካልቆረጥኩት ላላልፍ እችላለሁ።"

"አንቺስ ለምን አዞርሽው?"

"እንጃ አባዬ። ዝም ብዬ ስሠራ መጣልኝ።"

አፉ ላይ ደርሶ ነበር። እናትሽ ናት ቢላት ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልቆርጥም እንደምትል ያውቃል፤ ልጁን ያውቃታል። ብትወድቅስ? ዝም ቢል ደግሞ ሚስቱ ሁለተኛ ልትሄድበት ነው። "ሻይሽ ቀዘቀዘ" ብሎ ወጣ።

"አለፍኩ!" ብላ አንገቱ ላይ የተጠመጠመች ዕለት፣ ቆርጣው እንደሆነ ይጠይቃታል ሲባል ደስታዋን ላለማደፍረስ አሳደረው። ከዚያ ቀጣዩ ክፍል፣ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ከተማ ያለ የካርቱን ስቱዲዮ ቀጠራት። ጉዞዋ ሆነ።

ጠዋት ሻንጣዋን ታክሲው ላይ ጭኖላት ተመለሰ። ኮምፒውተሩን ደረቷ ላይ ታቅፋለች።

"ስሚማ ኳሴ፤ ያቺ በሩ ላይ…"

ባለታክሲው ክላክስ አደረገ።

"መጣሁ! መጣሁ!" ጉንጩን ሳመችው። "ስደርስ እደውላለሁ አባዬ፤ ሻይህን ሳትጠጣ እንዳትውል።"

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። መቃኑን ይዞ ጠበቀ። ዞር አላለችም፤ እሱም ሲወጣ ዞር ብሎ አያውቅም፣ በአረማመድ የወጣችው አባቷን ነው።