በቀኝ እግር የተጀመረ ዋልስ

ትዝታ ለመጻፍ ዕድሜዬ ገና ነው፤ እግሮቼ ግን ቀድመውኝ አርጅተዋል። ዳንግላ ውስጥ የስፖርት መምህርት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ባለፈው ሳምንት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለመሸኛቸው ዋልስ አስተምሪን ብለው ለመኑኝና ከትምህርት ሰዓት በኋላ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳው ገፍተን ጀመርን። አንዱ ልጅ ገና ከመነሻው በቀኝ እግሩ ወጣ። “በግራ ነው የሚጀመረው” ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሄጄ መስኮቱ ሥር ቁጭ አልኩ።

“ቲቸር፣ ደከመሽ እንዴ?” አሉኝ።

“ደክሞኛል” አልኳቸው። እውነትም ደክሞኝ ነበር። ያስቀመጠኝ ግን ድካሙ ብቻ አልነበረም።

ነገሩ ከኮሌጅ በወጣሁበት ዓመት የሆነ ነው። ያኔ የምኖረው እንጅባራ፣ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ኮሶበር በሚሏት ከተማ ነበር። የልጅነት ጓደኛዬ እመቤት ጥር ላይ ደሳለኝ የሚባል የዳንግላ ልጅ ልታገባ ሆነ፤ እኔ ሚዜዋ ነኝ። ባሕር ዳር ስማር ትንሽ የዳንስ ሥልጠና ወስጄ ስለነበር ሙሽሮቹን ዋልስ ማስለመድ በእኔ ላይ ወደቀ። ወደቀ ልበል እንጂ ደስ ብሎኝ ነው የተሸከምኩት፤ ያኔ የማላስረዳው ነገር አልነበረም። ዋልስ የሚያምረው በትከሻ ሳይሆን በእግር ነው እላለሁ። ወደ ፊት ስትሄዱ ተረከዝ ይቅደም፤ ወደ ኋላ ስትሄዱ ጣት ይቅደም፤ እግር አይነሳ፣ መሬቱን እየዳሰሰ ይንሸራተት። የቁርጭምጭሚትና የባት ጉልበት የሌለው ሰው ደግሞ ሙዚቃው ሲቆም አብሮ መቆም አይችልም፤ ይንገዳገዳል። የእኛ ትከሻ እንከን አይወጣለትም፤ እግራችን ግን ከልጅነቱ ጭቃ የለመደ ነውና እንደ ዶሮ እያነሳን እንጥላለን። ይህን ልማድ ለማስተው ብዙ ጮህኩ።

አንድ ቀን ከልምምድ ስንመለስ እመቤት ድንገት ቆመችና፣ “ከአባቴ ጋርም መደነስ እፈልጋለሁ” አለችኝ።

ቀላል ልመና አልነበረም። ምክንያቱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አባቷ ጋሽ አለምነው የከሰል ነጋዴ ናቸው። ወደ ከተማ ከመግባታቸው በፊት ግን ገበሬ ነበሩ፤ ጎልማሳ እስኪሆኑ ድረስ ቀዩን አፈር በባዶ እግራቸው ነው ያረሱት። ግራ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች አብጦ እንደ ግንድ ሆኗል። ዝሆኔ ይባላል። ሰው የዘር በሽታ ነው ብሎ ስለሚያምን ሽማግሌ ሲላክ ከሚጠየቀው አንዱ እሱ ነው። ደሳለኝ እውነቱን ከእመቤት ሰምቶ “ይሁን” ብሏል። እናቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን አልሰሙም። ለእሳቸውና ለዘመዶቻቸው የተነገራቸው “ፈረስ ረግጧቸው ነው” የሚል ነው። ፈረስ በማይጠፋበት በአዊ አገር ይህን ማን ይጠራጠራል? እመቤት ከሠርጉ በኋላ የምትኖረው ከአማቷ ጋር በአንድ ግቢ ነው። እግሩ ከታየ በዚያ ግቢ ውስጥ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚጠብቃት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ብርዱ ገና ከእኩለ ቀን ጀምሮ አጥንት ይገባል። የእመቤት እናት ወይዘሮ ዘውዴ የተቀቀለ ድንች ከዳጣ ጋር አቀረቡልን፤ ድንቹ ሲፈለጥ እንፋሎቱ ፊት ይመታል። ጋሽ አለምነው በረንዳው ላይ እግራቸውን በሳሙና ታጥበው፣ አድርቀው፣ ቅባት ተቀብተው ነበር። ከዚያ በርጩማው ላይ እንደተቀመጡ ጣታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ደግሞ ዙሪያውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ።

“ምን እየሠሩ ነው ጋሽ አለምነው?”

“ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝን የቤት ሥራ ነዋ። አንቺ አስተማሪ አይደለሽም? የቤት ሥራ አታውቂም?”

ሳቅሁ፤ ገረመኝም። ለዳንሰኛ እግር ማጠንከሪያ ብለው ያስተማሩኝ ያንኑ እንቅስቃሴ ነው። ይህንንና የእመቤትን ምኞት ሳስረዳቸው ለረጅም ጊዜ እግራቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩና፣ “እንግዲያው እየደነስኩ ነው የከረምኩት” አሉ።

ለአንድ ወር ያህል ተለማመድን። ከጤና ጣቢያው በልካቸው የተሰፋላቸው ሰፊ ጫማ ነበራቸው፤ እሱን አድርገው በረንዳው ላይ ይቆማሉ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ሥርዓቴን ይዤ ነበር የመጣሁት።

“ወንዱ በግራ እግሩ ወደ ፊት ይጀምራል” አልኳቸው።

“ግራዬ ካልፈለገስ?”

“ሕጉ ነው ጋሽ አለምነው።”

“ሕጉን ያወጣው ሰውዬ የእኔን ግራ እግር አይቶታል?”

እመቤት እየሳቀች ግድግዳው ላይ ተደገፈች። እኔ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መላ ነበረው። በቀኝ ከጀመሩ ወደ ፊት የሚሄደው ሁልጊዜ ቀኙ ነው። ግራው ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ ይንሸራተታል፤ ማንሳት አያስፈልገውም። ከባድ እግር የሚያስቸግረው ሲነሳ ነው፤ ለመንሸራተት ሰነፍ አይደለም። እመቤትም የራሷን እርምጃ በሙሉ ገልብጣ ተማረች።

ሠርጉ ሲቃረብ ወይዘሮ ዘውዴ ጭንቀት ያዛቸው። “የጠረጴዛው ጨርቅ እስከ መሬት ይወርዳል” አሉ አንድ ቀን፣ ባላቸውን ሳያዩ። “ከጨርቁ ኋላ ትቀመጣለህ፤ ሙሽሮቹ በጎን ዞረው ጉልበትህን ይስማሉ፤ በቃ። ልጅቷን አማቷ ፊት አታሳጣት።”

እመቤት ልትናገር ስትል ጋሽ አለምነው በእጃቸው ከለከሏት። “እሺ” አሉ። ብዙ እሺ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ የደከመ ግን አልሰማሁም።

ሁለቱ ቤተሰቦች ዳንግላ በአንድ አዳራሽ ደገሱ። ጋሽ አለምነው እንደተባሉት ከጨርቁ ኋላ ተቀመጡ። ጉልበት ተሳመ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ሙሽሮቹ ዋልሳቸውን ጨርሰው ገና መሐል እንደቆሙ፣ ከጋሽ አለምነው አጠገብ የተቀመጡት የደሳለኝ አጎት ጋሽ አያሌው ሞቅ ብሏቸው ጨዋታ ጀመሩ። ፈረስ የሚወዱ ሰው ናቸው።

“ለመሆኑ ያ እግርዎን የረገጠዎት ፈረስ መልኩ ምን ነበር? ዳማ ነው ጉራች?”

“ጉራች” አሉ ጋሽ አለምነው።

“ወይዘሮ ዘውዴ ዳማ ነው አሉኝ እኮ! ወይስ ሁለት ሆነው ነው የረገጡዎት?”

ጠረጴዛው ሳቀ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ሳቁ። ወይዘሮ ዘውዴ ብርጭቋቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ አለምነው ብቻ አልሳቁም። ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ ለራሳቸው በአዊኛ አንድ ነገር አጉተመተሙና በአማርኛ፣ “ያንን ፈረስ እስከ መቼ ልቀልበው?” አሉ።

“ምን አሉ?” አሉ ጋሽ አያሌው።

“ፈረስ የለም። ዝሆኔ ነው። ባዶ እግሬን አርሼ ያመጣሁት ነው።”

ከዚያ ተነሡ። ከጨርቁ ኋላ ወጡ፤ ያ ሰፊ ጫማ ሁሉም ሰው ፊት ወጣ። ሙዚቃ የሚያጫውተው ልጅ ምንም ስላልሰማ ሌላ ለስለስ ያለ ዘፈን ከፈተ። እመቤት አባቷ ሲመጡ አየች፤ መጀመሪያ ወደ አማቷ ተመለከተች፤ ከዚያ እጇን ዘረጋች።

በቀኝ ጀመሩ። ግራው ወደ ጎን፣ ቀኙ ተጠጋ፤ ግራው ወደ ኋላ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አብሬያቸው እቆጥር ነበር። ከጠረጴዛው በኩል የወይዘሮ ጥሩወርቅን ድምፅ ሰማሁ።

“ደሳለኝ! ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር እማዬ።”

“ለእኔ ፈረስ ትለኛለህ?”

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ የሚወጡ መሰለኝ። ግን በሩ ድረስ አልሄዱም። ወንበራቸው ጀርባ ላይ እጃቸውን ጭነው፣ ዓይናቸውን ከዚያ ጫማ ሳይነቅሉ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆሙ። እልል ያለ ሰው የለም፤ ያጨበጨብነው ሚዜዎቹ ብቻ ነን።

ጋሽ አለምነው ላብ አጥምቋቸው አጠገቤ ተቀመጡ። “አነሳሁት?” አሉኝ በሹክሹክታ።

“አላነሱትም። ሲንሸራተት ነበር።”

“ጎበዝ ነኛ” አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ትዳሩ አልፈረሰም። ዛሬም አብረው ናቸው፤ ትንሽ ልጅም አለቻቸው። እመቤት እንደነገረችኝ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ “አባትሽ እንዴት ናቸው?” ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ጋሽ አለምነው ሲመጡ ወንበር ይቀርብላቸዋል፣ ምግብ ይቀርብላቸዋል፣ ወሬ አይቀርብላቸውም።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። አመሻሽ ላይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሳፋ ይዘው መጡና የልጅቷን እግር ማጠብ ጀመሩ። በየቀኑ ነው የሚያጥቧት። በጣቶቿ መሐል ያያሉ፤ የእግሯን ጀርባ በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጋሉ፤ እብጠት ጀምሯት ጎድጉዶ ይቀር እንደሆነ ይጠብቃሉ። እንደ ልማዴ ማስረዳት ጀመርኩ። በደም አይወረስም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ጫማ ያደረገችና እግሯን የታጠበች ልጅ ምንም አትሆንም አልኳቸው።

“አውቃለሁ ልጄ፤ ነግረሽኛል” አሉ። አውራ ጣታቸው ግን ወደ ሌላው እግር አለፈ።

ወደ እመቤት ዞርኩ። ትከሻዋን ሰበቀች። “ተያቸው” አለችኝ ቀስ ብላ። “ቢያንስ ያጥቧታል።”

አስተማሪ ሲደክመው የሚደክመው ከመቆም ብቻ አይመስለኝም። ሰው ያወቀውን እጁ አልቀበል ሲለው እያዩ እንደገና ማስረዳት አለ፤ እሱ ነው እግርን የሚያዝለው። ፍርሃቱም እንክብካቤውም በአንድ አውራ ጣት ላይ ነበሩ፤ የትኛው የት እንደሚያበቃ መለየት አልቻልኩም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሳያዩኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። ንግግሬን አቆምኩና ፎጣውን አቀበልኳቸው።