ለማላውቀው ሰው ያለቀስኩበት ቀን

ይህ የገጠመኝ ከሳዑዲ ተመልሼ ደብረ ታቦር ከተማ ቅቅል ድንች መሸጥ በጀመርኩበት ዓመት፣ በጥቅምት ነው። ለቅሶ ቤት በገባሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ነጠላዬን ወደ አፌ እሰበስባለሁ። ሰው ሐዘኑ የጠናብኝ ይመስለዋል። እኔ ግን ሳቄን እየታገልኩ ነው።

የተወለድኩት ገሳይ አካባቢ ነው፤ ቤተሰቦቼ ገበሬዎች ናቸው። ከአረብ አገር ይዤው የመጣሁት ጥሪት በእናቴ ሕክምና አለቀ። ከዚያ ልጄን ለማስተማር ከተማ ገብቼ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሱቅ ለመክፈት አቅም አልነበረኝም። ድንች ግን በአገራችን ሞልቷል። ጠዋት ቀቅዬ በሳፋ አደርግና እንዳይቀዘቅዝ በብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቅልዬ መናኸሪያው በር ላይ እቀመጣለሁ። ከአዋዜ ጋር ነው የምሸጠው። በዚያ ብርድ ሾፌሩም ረዳቱም መንገደኛውም ይወደዋል።

የማይወዱኝ ደንብ አስከባሪዎቹ ነበሩ። መንገድ ዳር መሸጥ ክልክል ነው ይላሉ። እንግዲያው ገበያ ውስጥ ቦታ ስጡን ስንላቸው ቦታ የለም ይላሉ። አንድ ጊዜ ድንቹን ከነሳፋው ወስደውብኛል። ከዚያ ወዲህ የምሠራበት ሳፋ ከጎረቤት የተዋስኩት ነው። ይህንንም ከተወረስኩ ጎረቤቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ፣ ልጄስ ምን ትበላለች እያልኩ ነው የምውል።

ያን ቀን አጠገቤ ጌታሁን ነበር። ጌታሁን ካልሲና ቀበቶ አዟሪ ነው። ሱቁ ሰውነቱ ነው፤ ቀበቶዎቹን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ካልሲዎቹን ክንዱ ላይ ይደረድራል። አንዱን መንገደኛ እያስተናገድኩ ሳለ "መጡ" አለኝ። እነማን ብዬ አልጠየቅሁም። ሳፋዬን አቅፌ ተነሣሁ።

ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ቅያስ ሮጥን። ቅያሱ ሌላ ጊዜ ወደ ዋናው መንገድ ያወጣል። ያን ቀን ግን ድንኳን ተተክሎበት ተዘግቷል። ከኋላችን የቡት ጫማ ድምፅ ይሰማል። ጌታሁን ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ቀበቶና ካልሲውን ሸፈነና ድንኳኑ ውስጥ ዘው አለ። እኔም ሳፋውን በነጠላዬ ጋርጄ ተከተልኩት።

ለቅሶ ነው። ቀብሩ ትናንት ኖሯል፤ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል። ሁሉም ቀና ብሎ አየን። ማን እንደሞተ አናውቅም። ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ወጣት አናውቅም። ዝም ብሎ መቀመጥ ደግሞ አይሆንም፤ በእኛ አገር ለቅሶ የሚደርስ ሰው አልቅሶ ነው የሚገባ። እኔ ትንሽ አሰብኩና በአንቱታ ጀመርኩ። "ምነው ጥለውን ሄዱ፣ ምነው ሳይሰናበቱን" እያልኩ። አንቱታ ወንድና ሴት አይለይም። ሟቹ ወጣት ቢሆን እንኳ አክብራው ነው ይሉኛል ብዬ።

ጌታሁን ይህን አላሰበም። "ወይኔ እናቴ፣ ወይኔ እናቴ" ብሎ ደረቱን መታ።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

ለካ የሞቱት ባሻ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው እማማ ጥሩነሽ ጥቁር ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ጌታሁንን አዩት። እኔን አዩኝ። ነጠላዬ ሥር የሚተነውን ሳፋ አዩት። የውጭውን ሩጫም ሰምተዋል መሰለኝ።

"ባሻ ለዚህ ልጅ አባትም እናትም ነበሩ" አሉ ረጋ ብለው። "ተውት፣ ያልቅስ፣ ይውጣለት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አንቺም ነይ ልጄ፣ እዚህ እኔ ጋ ተቀመጪ" አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሳፋውን ጭኔ ላይ አደረግሁት። ድንቹ ከእሳት ከወረደ ብዙም አልቆየም ነበርና ጭኔን ይጠብሰኝ ጀመር። ወዲያው ደንብ አስከባሪው ሙሉቀን ከባልደረባው ጋር ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ሳፋዬን የወሰደው እሱ ነው። ማልቀሴን አላቋረጥኩም። እንባዬ የእውነት ነበር፤ ጭኔ እየነደደ ነው። "ይቺስ አንጀት ትበላለች" አሉ ከኋላዬ ያሉ ሴትዮ።

ሙሉቀን ለቅሶ መሆኑን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። እንዲሁ መመለስ ነውር ሆነበትና "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ይዞራል። እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እማማ፣ ይቺ ልጅ የያዘችው ምንድን ነው?" አለ በትሕትና።

"እዝን ነዋ" አሉት። "ከገሳይ ድረስ ተሸክማ የመጣች ዘመዴ ናት።"

የገሳይ ልጅ መሆኔን በምን አወቁ ብዬ ደነገጥኩ። በኋላ ስጠይቃቸው "ከአፌ እንደመጣልኝ ነው የተናገርኩ" አሉኝ። እዝን ለሐዘንተኛ የሚወሰድ ምግብ ነው። ይበላል እንጂ አይወረስም።

"በይ ግለጪውና ለሰው አድርሺ" አሉኝ።

ገለጥኩት። እየዞርኩ ለሁሉም አደልኩ፤ ለሙሉቀንም ሰጠሁት። "ነፍስ ይማር" ብሎ ተቀበለኝ። ድንቹን አዋዜ አስነክቶ ጎረሰና ማኘኩን አቆመ።

"ይችን አዋዜ የማውቃት መሰለኝ" አለ።

የት እንደቀመሳት እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ባልደረባው መሬት መሬት ያይ ጀመር።

በዚህ መሐል ጌታሁን ድርሻውን ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ ጋቢው ተንሸራተተ። አንድ ቀበቶ መሬት ላይ ወደቀ። ሌላም ተከተለው።

"ያንተ ነው?" አለው ሙሉቀን።

"አዎ፣ የኔው ነው።"

"ያኛውስ?"

"እሱም የኔ ነው።"

"ስንት ወገብ ነው ያለህ?"

ጌታሁን ሱሪውን ወደ ላይ ሳበ። "ሐዘን አክስቶኝ ነው" አለ። "ባንዱ አልጠብቅልህ ብሎኝ።"

አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ከወንዶቹ በኩል የታፈነ ሳል ተሰማ። ሙሉቀን ቀበቶዎቹን አየ፤ እጁ ላይ የቀረውን ድንች አየ፤ እማማ ጥሩነሽን አየ። የሐዘንተኛ እዝን አንዴ በልቷል። ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገና "ሐዘኑ ሲያልቅ እንነጋገራለን" አለን ቀስ ብሎ።

"ሐዘናችን እስከ ተዝካሩ ነው" አሉት እማማ። "እስከዚያ ዘመዶቼ አጥሬ ሥር ይቀመጣሉ። ሐዘንተኛ የሚያስነሣ ካለ ይምጣ።"

ሲወጣ ለምን እንዲህ እንዳደረጉልን ጠየቅኋቸው። "ልጆቼን ያሳደግሁ ጉልት ሽንኩርት ሽጬ ነው" አሉኝ። "ያኔም ያባርሩን ነበር። እኔ የምሸሸግበት ድንኳን አላገኘሁም።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ባሻ ከሞቱ ወዲህ ዛሬ ገና ሳቄ መጣ" አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ አጥራቸው ሥር መሸጥ ጀመርን። ወሬው ሲሰማ ሎሚ ሻጯ መጣች፤ ጫማ ሰፊው መጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ደንብ አስከባሪ ብቅ ባለ ቁጥር ሁሉም ፊቱን አጥቁሮ አንገቱን ይደፋል። ሟች ምናችሁ ናቸው ሲባል አንዱ አጎቴ ይላል፣ አንዱ የክርስትና አባቴ። "ባሻ በሕይወት ሳሉ ይህን ያህል ዘመድ አልነበራቸውም" ይሉ ነበር እማማ።

ተዝካሩ ደረሰ። እኛ ዘመዶች ከየሸቀጣችን አዋጣን፤ ሸቀጡ የማይበላው ጌታሁን ውኃ ሲቀዳና እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ተጠርተዋል፤ ሙሉቀንም መጥቷል። ሰው በልቶ ሲያበቃ እማማ ጥሩነሽ ተነሡ።

"ሐዘኑ ዛሬ አለቀ" አሉ። "እነዚህ ልጆች ከነገ ጀምሮ የት ይቀመጡ? ገበያ ቦታ የለም ትላላችሁ፤ መንገድ ዳር ክልክል ነው ትላላችሁ። ሠርተው ይብሉ ወይስ ደግሞ ሌላ ሰው ይሙትላቸው?"

ሊቀ መንበሩን ሳቅ አሸነፋቸው። ከዚያ ሙሉቀን ተነሣ።

"መንገዱን አልዘጉም" አለ። "ማታ ጠርገው ነው የሚሄዱ። ማባረሩም ሰልችቶኛል።"

በዚያው ቀን አልተፈቀደልንም። በየቢሮው ብዙ ተመላለስን፤ ነገ ኑ የሚለውን ስንሰማ ከረምን። በመጨረሻ የእግረኛ ማለፊያ ትተን በዚያው አጥር ሥር እንድንሸጥ ተፈቀደልን፤ መታወቂያም ሰጡን። ሙሉቀን አሁን ደንበኛዬ ነው። ከፍሎ ይበላል፤ አዋዜ ጨምሪልኝ ይላል።

እማማ ጥሩነሽ ፀሐይ ስትወጣ አጠገቤ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ስለ ባሻ መጠየቅ መጀመሪያ አፍር ነበር። አሁን ሥራ ሲቀዘቅዝ እጠይቃቸዋለሁ። ዝምተኛ ነበሩ፤ በቅሎ ይወዱ ነበር፤ ድንች ግን አይወዱም ነበር አሉኝ።

በሙት ዓመታቸው ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አበራሁላቸው። መልካቸውን እንኳ አላውቀውም። ስማቸውን ስጠራ ግን እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንዲህ ይናፍቁኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።