የመንገድ መብራቱ ጉዳይና አባባ ዘለቀ

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ በከተማችን አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ሐበሻ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ... አባዬ ደግሞ መድረኩ ላይ ጭንቅላቱን ያዘ።

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባዬ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ጥግ ላይ ባለችው ትንሽዬ ከተማችን የካውንስል፣ ማለት የከተማው ምክር ቤት፣ አባል ነው። ተመራጭ! ስትሰሙት ትልቅ ነገር ይመስላል አይደል? ቀን መኪና የሚቆምበት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ስልክ ሲያነሣ ያመሻል። የመረጠውም ያልመረጠውም ኮል ያደርገዋል። «ቆሻሻዬን አላነሡልኝም»፣ «የጎረቤቴ ውሻ አላስተኛኝም»... አንዷማ «ልጄን ሊያገባ የመጣውን ሰውዬ አጣራልኝ» ብላዋለች። አባዬ እምቢ ማለት አያውቅበትም። «እሺ እትዬ፣ እናያለን» ይላል። ኢሜይሉን የምጽፈው ግን እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስለ ቆሻሻ አሰባሰብ የማላውቀው ነገር የለም።

ዘንድሮ ግን ከልቡ የያዘው አንድ ጉዳይ ነበር። ከሕንፃችን ፊት ለፊት ስድስት መስመር ያለው መንገድ አለ፤ የአውቶብስ ፌርማታው ማዶ ነው፤ የእግረኛ ማሻገሪያ መብራት የሚባል ነገር የለም። እማዬ በየጠዋቱ እየሮጠች ነው የምታቋርጠው። ገና ሰሞን እትዬ የሺ የሚባሉ ጎረቤታችንን መኪና ለጥቂት ሳታቸው፤ የሚጎትቱት የአስቤዛ ጋሪ ግን እንደ ወረቀት ተጨፈለቀ። እማዬ በዓይኗ አይታ ስለነበር ያን ቀን እራት አልበላችም።

ማክሰኞ ካውንስሉ መብራቱ ይተከል አይተከል የሚወስንበት ቀን ነበር። ሊቀመንበሯ የነዋሪውን ሐሳብ የምትለካው በቀላሉ ነው... መጀመሪያ የሚቃወም ይቆማል፣ ቀጥሎ የሚደግፍ ይቆማል፣ ጸሐፊው ይቆጥራል። አለቀ። አባዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ በር እያንኳኳ ለመነ።

«በናታችሁ ኑልኝ። ንግግር አይጠበቅባችሁም። መነሣት ብቻ!»

መጡ። ያውም ሐበሻ ሆነው በሰዓቱ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ልክ ሰባት ሰዓት ላይ! እኔ መሐላቸው ተቀምጬ ማስተርጎም ጀመርኩ።

ሊቀመንበሯ «መብራቱን የምትቃወሙ እባካችሁ ተነሡ» አለች። «የመኪና መጨናነቅ ያበዛብናል» የሚሉ አምስት ባለ መኪናዎች ተነሡ። የኛዎቹ ንቅንቅ አላሉም። አባዬ ከመድረኩ ላይ ፈገግ ሲል አየሁት...

ልክ በዚያች ሰከንድ በሩ ተከፈተ።

አባባ ዘለቀ። ከሕንፃችን ሰው ሁሉ በዕድሜ ትልቁ፣ የሰፈሩን ግማሽ ትዳር ያስታረቁ ሽማግሌ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሃያ አምስት ደቂቃ አርፍደው።

ሠላሳውም ብድግ! «ኖር! ኖር!»

«በእግዜር! በእግዜር!» አሉ አባባ።

ጸሐፊው ጣቱን ቀስሮ መቁጠር ጀመረ።

«ተቀመጡ! አሁን እኮ የሚቃወም ነው የሚቆመው!» አልኩ ድምፄን አፍኜ።

እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በይ አንቺ! አባባ ቆመው እኛ እንቀመጥ?»

ዞር ብዬ መድረኩን ሳይ... አባዬም ቆሟል። ለመብራቱ ሦስት ሳምንት በር ያንኳኳው ካውንስልማን! እጁ ጭንቅላቱን ይዟል፣ እግሩ ግን ሳያማክረው ተነሥቷል።

አባባ እያንዳንዱን ሰው እየሳሙ፣ የልጅ የልጅ ልጅ ደህንነት እየጠየቁ፣ የፊት ወንበር ላይ ደርሰው እስኪቀመጡ ማንም አልተቀመጠም። ጸሐፊው ተመቻችቶ ሁለት ጊዜ ቆጠረ።

«አሁን ደግሞ የምትደግፉ» አለች ሊቀመንበሯ።

«አሁን! አሁን ተነሡ!» አልኩ። እሰይ፣ መነሣት ጀመሩ። አባባ ዘለቀ ወንበር ሲንቋቋ ሰምተው ዞሩ። እንደገና ለእሳቸው የተነሡ መሰላቸው።

«ኧረ በሞቴ! አፈር ስሆን ተቀመጡ! አንዴ ተነሥታችሁልኝ የለ እንዴ!»

ተቀመጡ። ሠላሳውም፣ እንደ ሠለጠነ ወታደር በአንድ ላይ። እኔ ብቻ ተገትሬ ቀረሁ። እማዬ ሹራቤን ትጎትታለች፤ «ተቀመጪ እንጂ፣ በሞቴ ብለው?!»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና «አንድ» ብሎ ጻፈ።

አባዬ ማይኩን ይዞ ሊያስረዳ ሞከረ። «ክብርት ሊቀመንበር፣ ሰዎቹ የተነሡት ተቃውመው አይደለም። ለሰውየው ነው።»

«ሰውየው ምን አደረጉ?»

«ምንም። ገቡ።»

ሊቀመንበሯ አባባን አየች። አባባ ከተቀመጡበት በትሕትና እጅ ነሷት። በመጨረሻ «የነዋሪው ፍላጎት ግልጽ ስላልሆነ ከሰመር ዕረፍት በኋላ እንየው» ተባለ። አምስት ወር!

ስንመለስ መኪና ውስጥ አባዬን ነገር ልፈልገው ብዬ «ለአባባ ሰዓቱን ቀደም አድርገህ ብትነግራቸው ምን ነበረበት?» አልኩት።

«ስድስት ሰዓት ነው ያልኳቸው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ለትምህርት ቤት ስወጣ አባዬ መንገዱ ዳር ቆሟል። ጋራዥ የሚለብሳትን ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ አድርጎ፣ እጁን ዘርግቶ መኪና ያስቆማል። እትዬ የሺ ተሻገሩ። እማዬም ተሻገረች... ሳትሮጥ። እንዲህ ቀስ ብላ ስትራመድ ያየኋት ገና ያኔ ነው።

«ሥራ አልገባህም እንዴ?» አልኩት።

«ሺፍት ቀየርኩ። መብራቱ እስኪተከል ጠዋት ጠዋት እኔ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ አንቺ።»

«እኔ?!»

ሌላ ቢጫ ሰደርያ ወረወረልኝ። እስከ ጉልበቴ ይደርሳል።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያ ደንበኛዬ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባባ ዘለቀ። ስድስቱን መስመር በከዘራ እየለኩ፣ ግራና ቀኝ ጥሩምባ እየተነፋ፣ እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆሜ... መሐል መንገድ ላይ ቆም አሉ።

«የኔ ልጅ፣ አባትሽ ካውንስል ገባ ሲሉኝ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር መሰለሽ። ታዲያ እዚህች ጋ አንዲት መብራት ማስተከል እንዴት ያቅተዋል?»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር... አንቱ ናቸውና ዋጥኩት፤ ይኸው እናንተ ላይ ተፋሁት።