ደጊቱ ስትፈጥን የሚዘጉ ሱቆች

የጥር 2008ቱን የሱሉልታ ግርግር ያስነሳችው ቅቤ ነጋዴዋ ደጊቱ ናት ተብሎ ተወርቷል። ሰልፉን ከፊት ሆና መርታለች፣ በነጠላዋ ሥር የድንጋይ ከረጢት ደብቃ ነበር ያሉም አሉ። ውሸት ነው። በነጠላዋ ሥር የነበረው የገዛ ሆዷ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጤና ጣቢያ ነው። ደጊቱ ማጅራቷን እየወቀረ ራስ ምታት ቢያስቸግራት ሄደች። ነርሷ ሮዛ በደጊቱ ክንድ ላይ የምትጠመጥመው የግፊት መለኪያ ጨርቅ አልደርስ ብሎ ትልቁን ፈልጋ አመጣች። ለካች፤ ደግማ ለካች።

"እትዬ ደጊቱ፣ ግፊትዎ መቶ ሰባ በመቶ አምስት ነው።"

"ብዙ ነው?"

"በጣም እንጂ! ሰውነት በከበደ ቁጥር ልብ ደሙን ለማዳረስ ይለፋል፤ ግፊቱም ይጨምራል። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይዋጡ፣ ጨውና ቅቤ ይቀንሱ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ይራመዱ። አምስት ኪሎ ቢቀንሱ እንኳ ለውጥ ያያሉ።"

ቅቤ ይቀንሱ! ገበያ ላይ ሻጭ ካልቀመሰ ማን ይገዛል? ሙዝ ተደባልቆበት እንደሁስ? "እስቲ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ" ይላታል ገዢ ሁሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ዱካዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ ቀምሳለች። ሳቋ ሊመጣ ሲል ታላቅ እህቷ ትዝ አለቻት። በዚሁ ግፊት ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆኖ ሦስት ዓመት ተኝታ ነው የሞተችው፤ ጠዋት ማታ ስታገላብጣት የኖረችውም ደጊቱ ናት። አልሳቀችም።

በማግስቱ የልጇን ሸራ ጫማ አጥልቃ ጎጃም መንገድ ላይ ወጣች። ሱሉልታ ልምምድ የሚሠሩት ሯጮች በአጠገቧ ሽው ይላሉ፤ እነሱን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ደጊቱ ስትፈጥን ግን አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያን ሰሞን ደግሞ ሰልፉን ሁሉ ያስነሳው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ቀርቷል ቢባልም ከተማው ገና አልረጋም፤ አንዱ ካስነጠሰ ሌላው ቤቱ የሚገባበት ጊዜ ነው። ባለሱቁ ሐምዱ ስታለከልክ አያት።

"አዴ ደጊቱ! ምን መጣ?"

ለመልስ የሚሆን ትንፋሽ ከየት ይምጣ? እጇን ወደፊት ወረወረች፤ ተወኝ፣ ልሂድበት ማለቷ ነበር። ሐምዱ ግን ወታደሮች መጡ ያለችው መሰለውና የሱቁን በር ጥርቅም አደረገው። ሥጋ ቤቱም ጥርቅም። ሚኒባሱ ዞሮ ተመለሰ። ተማሪዎች ሱቅ ሲዘጋ አይተው "ተጀመረ!" እያሉ ተከተሏት። ዞር ስትል ከኋላዋ መቶ ሰው! ደንግጣ ፈጠነች፤ እነሱም ፈጠኑ። ደክሟት ድንጋይ ላይ ዘፍ ስትል ደግሞ "ቁጭ በሉ ተባለ" ብለው አስፋልቱ ላይ ተደረደሩ። ሰልፍ መራች የተባለው ይሄው ነው።

በሚቀጥለው ቀን መንገድ ቀየረች፤ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞረች። ወፍጮ ቤቱም ተዘጋ። እህል ተሸክመው የመጡ ሴቶች ሰደቧት። እሷ ግን አንድም ቀን አልቀረችም።

በወሩ ሽማግሌው ኦቦ ቀጄላ ቤታቸው አስጠሯት። ሐምዱም ከሳሽ ሆኖ ተቀምጧል። መሀል ላይ ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ ቀርቧል።

"መጀመሪያ ብዪ እንጂ፣ ልጄ።"

"አልበላም፣ ኦቦ ቀጄላ።"

"ከስተሻል እኮ! ምን ነካሽ?"

"ሁለት ኪሎ ነው የቀነስኩት። ግፊቴም ወደ መቶ ሃምሳ አምስት ወርዷል።"

"ደግ፣ ደግ። እንግዲህ አገር እስኪረጋ ቤትሽ ተቀመጪልን። በአንቺ እግር የተነሳ ገበያ ጠፋ።"

"ሯጮቹንስ ለምን አትከለክሏቸውም?"

"እነሱማ ቀጭን ናቸው" አለ ሐምዱ ጣልቃ ገብቶ። "ቀጭን ሲሮጥ ስፖርት ነው። አንቺ ስትሮጪ ግን የሆነ ነገር ቢኖር ነው ይባላል።"

"አልሮጥኩም! ተራመድኩ!"

"ለአንቺ ያው ነው።"

ደጊቱ ሳህኑን ገፋ አድርጋ ተነሳች።

"እሺ፣ እቀመጣለሁ። እንደ እህቴ ግማሽ ጎኔ የተያዘ ዕለት ግን፣ ከእናንተ ከሁለታችሁ ጠዋት የሚያገላብጠኝ ማነው? ማታስ?"

ኦቦ ቀጄላ ወደ ሐምዱ ዞሩ። ሐምዱ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።