የእናቴ ስእለት በሮማውያን ግንብ ላይ

ከደሴ በወጣሁበት ምሽት እናቴ አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየጠቀለለች፣ «በሰላም ሱዳን ከገባሽልኝ፣ አንድ ቀን እኔና አንቺ በእግራችን ግሸን ማርያም ወጥተን እንሳለማለን፤ ተስያለሁ» አለችኝ። «እሺ እማዬ» አልኩና ጉልበቷን ስሜ ወጣሁ። ከዚህ የጀመርኩት ወድጄ አይደለም፤ የቀረው ሁሉ በዚያች «እሺ» ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ነው።

ሱዳን በሰላም ገባሁ፤ ከሱዳንም ቶሮንቶ። ሴንት ጄምስ ታውን በሚሉት የፎቅ ጫካ ውስጥ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ ሥራዬም አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየሄዱ መርዳት ሆነ። መንግሥት ሲለወጥ እናቴ በጎረቤት ስልክ፣ «እንግዲህ መንገዱ ተከፈተ፤ መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኝ ጀመር። «ወረቀቴ አላለቀም» እላታለሁ። መጀመሪያ እውነት ነበር። ኋላ ግን ፓስፖርቱ ደርሶ፣ ከዳዊቴ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦም «አላለቀም» እላለሁ። ካየኋት ተመልሼ መውጣት የምችል አልመሰለኝም። እሷም፣ «ይሁን፣ ጉልበቴ ብቻ እስከዚያ ይቆየኝ» ብላ ስልኩን ትዘጋለች።

ከምረዳቸው ሰዎች አንዷ ሚስስ ዶውሰን የሚባሉ አሮጊት ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም እንጂ እኔ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። የተወለዱት ሰሜን እንግሊዝ፣ ሮማውያን ድሮ የግዛታቸው ጠረፍ ላይ ከሠሩት ረጅም ግንብ ሥር ነው። አንድ ቀን ሾርባቸውን እየጠጡ፣ «ሳልሞት አንዴ ግንቡን ተከትዬ መሄድ አምሮኛል። ክንድሽን ታውሺኛለሽ? ፓስፖርት አለሽ?» አሉኝ።

«አለኝ» አልኩ። እናቴን ሁለት ዓመት የነፈግኳትን ቃል ለእሳቸው ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ሰጠኋቸው።

ለንደን አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ወፍራም ሰውዬ ፓስፖርቴን እያገላበጠ፣ «የመጣሽበት ጉዳይ?» አለኝ።

«ግንብ ለማየት ነው።»

«የምን ግንብ?»

«ሮማውያን የሠሩትን።»

«እሱ እኮ የተሠራው የውጭ ሰው እንዳይገባ ነው።»

«አልገባም ጌታዬ፤ ዳር ዳሩን ሄጄ እመለሳለሁ።»

ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ድንበር ላይ የሚስቅ ሰው አላውቅም።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። ግንቡ አጠገብ ያረፍንበት ቤት ባለቤት ጠዋት እንቁላልና የአሳማ ሥጋ የተቆለለበት ሳህን ይዛ መጣች። ጾም ነኝ ስላት ሥጋውን አነሳች። እንቁላሉንም ስላት አነሳች። ቅቤውንም አነሳች።

«ሐኪም ነው የከለከለሽ?»

«አይደለም፤ ማርያም ናት።»

«እና ማርያም ከዳቦና ከቲማቲም ሌላ ምንም አትፈቅድልሽም?»

«እሱንም ቢሆን ከቀትር በኋላ ነው። ቋጥሪልኝ።»

ግንቡ እንዳሰብኩት አልነበረም። አንዳንድ ቦታ ከወገቤ አይበልጥም፤ ገበሬው ለዘመናት ድንጋዩን እየነቀለ ለበጎቹ በረት ሠርቶበታል። ግን አያልቅም። ገደሉን ይወጣል፣ ሸለቆውን ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ዝናቡ እንደ አገራችን ክረምት ዘንቦ አይወጣለትም፤ እንደ ምቀኛ ቀስ እያለ ያበሰብሳል። ጉሙ ሲገለጥ ግን ተራራው ወሎን መስሎ ቁጭ ይላል፤ ያን ጊዜ ዓይኔን እሰብር ነበር። ሚስስ ዶውሰን ክንዴን ይዘው ሃምሳ እርምጃ ይሄዱና ጉልበታቸውን እያሹ ያርፋሉ። ከቀትር በኋላ ቆሎዬን ሳወጣ አብረን እንቀምሳለን፤ ጥርሳቸው የሰው ሥራ ስለሆነ እንደ ከረሜላ ይመጥጡታል። «ጎበዝ ነሽ፣ እናትሽ ታድላለች» ይሉኛል። ቆሎዬን መልሼ እቋጥራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከግንቡ ወረድ ብሎ፣ ረግረግ ዳር፣ ጣሪያ የሌለው ትንሽ የድንጋይ ቤት አገኘን። ግራና ቀኝ መደብ አለው፤ ከፊት ሦስት ጥርብ ድንጋዮች ቆመዋል። የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ። ደፉን ተሳለምኩ፣ ጭቃው ላይ ሦስቴ ሰገድኩ፣ መካከለኛውን ድንጋይ ሳምኩና፣ «እመቤቴ፣ እስክደርስ የእናቴን ጉልበት ጠብቂልኝ» አልኩ።

ቀና ስል ሚስስ ዶውሰን አፋቸውን ይዘዋል።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ የሮማ ወታደሮች ሚትራ ለሚባል አምላካቸው መሥዋዕት የሚያቀርቡበት ነው።»

«የማርያም አይደለም?»

«ማርያም በዚህ በኩል ያለፈች አይመስለኝም።»

ከንፈሬን በሻሼ ጫፍ ጠረግሁት፤ ደግሜ ጠረግሁት። የእናቴን ጉልበት ለጣዖት አደራ ሰጠሁ።

በአራተኛው ቀን፣ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ይቀመጡበት የነበረው ኮረብታ ላይ ደረስን። ግንቡን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ደረስኩ» አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ለእሳቸው ያለቀስኩ መስሏቸው አቀፉኝ።

ቶሮንቶ ስመለስ ለንስሐ አባቴ ድንጋዩን ተናዘዝኩ። ድንጋዩን ብቻ። «ሳታውቂ ነው፤ እግዚአብሔር ልብሽን ያያል» አሉኝና ጥቂት ስግደት ሰጡኝ። ልነሳ ስል፣ «ወረቀት ካለሽ እናትሽን አየሻት?» አሉ። መሬት መሬት እያየሁ፣ «ወረቀቴ አላለቀም ብያታለሁ» አልኩ። «እንግዲያ ዋናው ቀኖናሽ ይሄ ነው፤ እውነቱን ንገሪያት።»

ዕንቁጣጣሽ ጠዋት ደወልኩ። ፓስፖርቱንም፣ አሮጊቷንም፣ ግንቡንም፣ የጣዖቱን ድንጋይም ሳልተነፍስ ዘረገፍኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ።

«አለሁ። ሴትዮዋ ካሰበችው ደረሰች?»

«ደረሰች።»

«አንቺ ነሽ የደገፍሻት?»

«እኔ ነኝ።»

«እሰይ፣ ተባረኪ።» ምንም ቁጣ የለበትም፤ ቢኖረው በተሻለኝ። «ግንቡስ፣ ስንት ዘመኑ ነው አልሽኝ?»

«ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው።»

«እሱማ ድንጋይ ነው፣ ይጠብቃል። የኔ ጉልበት ግን ግንብ አይደለም ልጄ። የመስከረሟ ግሸን ሃያ ቀን ቀራት።»

ከዚያ ስልኩን ለጎረቤቷ መለሰችላት። የነጠላ ጫማዋ ኮቴ ቀስ እያለ፣ አንዱን እግሯን እየጎተተች፣ ወደ በሩ ሲርቅ ይሰማኛል።

«ሃሎ?» ትላለች ጎረቤቷ። «ሃሎ፣ አለሽ? ምን ልበላት?»